የኋላ ጎማ

«ኧረ ይቺን እያት! በሳቅ ሞትኩ!» ሱሀይላ ስልኳን ዲቦራ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። ዝናቡ እስኪያባራ ሚዛን ከተማ ከሚገኘው ትምህርት ቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለዋል።

ስክሪኑ ላይ ጭቃ የያዛት ባጃጅ አለች። ተሳፋሪዎቹ እስከ ጉልበታቸው ተዘፍቀው ይገፋሉ፤ ሹፌሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማስቲካ ያኝካል። ከላይ «የሚዛን ባጃጅ፦ ከፍለን የምንገፋት» ይላል። ከታች ደግሞ በደማቅ ቀይ «በየምሥራች የተሳለ»።

ዲቦራ አልሳቀችም። ሥዕሉን እሑድ ከአምልኮ መልስ፣ በባዮሎጂ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሳለችው እሷ ናት። የላከችውም ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ለተጋራቻት ለየምሥራች። ከኋላ ጎማው ሥር ትንሽ የቡና ፍሬ ስላ፣ ውስጧ «ዲ» ብላ ፈርማ ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ አሁን ፍሬዋም የለችም፣ ጎማውም የለም። የምሥራች ፊርማውን ስትቆርጥ ጎማውንም አብራ ቆርጣዋለች።

«ስድስት ሺህ ሰው አይቶታል» አለች ሱሀይላ። «ለካ እንዲህ ትስላለች! ሚኒ ሚዲያ ክበብ የግድግዳ መጽሔቱን ሣዪልን ብሏታል እኮ።»

ያንን ቦታ ዲቦራ ዓመቱን ሙሉ ስትመኘው የምሥራች ታውቃለች። ከሰው ሁሉ እሷ!

የምሥራች ቦርሳዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች።

«ፊርማዬን የት ጣልሽው?» አለቻት ዲቦራ፣ ሰላም እንኳ ሳትላት።

«አንቺ ደግሞ! ሚም እኮ ነው፣ ለሳቅ የሚዞር ነገር። ሚም ባለቤት የለውም።»

«ባለቤት ከሌለው ያንቺ ስም ምን ይሠራል?»

የምሥራች ዓይኗን ወደ ዝናቡ መለሰች። «መምህር ሲላስ ራሳቸው ክፍል ውስጥ ለቀልድና ለትችት የሰው ሥራ መጠቀም የሚቻልበት ጊዜ አለ ብለውናል።»

«ስም ቁረጡ ብለዋል?»

«ቀልዱ የኔ ነው» አለች የምሥራች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «‹ከፍለን የምንገፋት› ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሸሁ?»

አልዋሸችም። አርብ ዕለት ከገበያ ሲመለሱ የተሳፈሩባትን ባጃጅ እየገፉ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ያሳቀቻቸው እሷ ነበረች።

«ቀልዱ ያንቺ ነው። ክበቡ ሣዪልን ሲልሽስ ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩ» አለች የምሥራች።

«አየሽ» አለች ዲቦራ። «እኔ ልግፋ፣ አንቺ ማስቲካሽን አኝኪ።»

ዝናቡ ሳያባራ ወጥታ ሄደች።

ቤት ገብታ የምሥራችን የቴሌግራም ቻናል ከፈተች። ከሥዕሉ ሥር አንድ የቴፒ ልጅ «የኋላ ጎማዋን ማን ሰረቃት?» ብሎ ጽፏል፤ ሰውም ከሥሩ ይሳሳቃል። ዲቦራ «ሌባዋማ» ብላ መጻፍ ጀመረች። ጥቂት አየችውና አጠፋችው። ደብተሯን አውጥታ ሙሉውን ገጽ ፎቶ አነሳችና፣ ለልጁ መልስ አድርጋ ለጠፈችው፦ «ጎማዋ ይኸውና። ሥዕል፦ ዲቦራ። ቀልድ፦ የምሥራች።»

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። የየምሥራች መልእክት ነው። «የኔንም ስም ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ለክበቡ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አዲስ ነገር ስለሻል? ላኪልኛ።»

ዲቦራ ገጹን ገለጠች። ትናንት የሳለችው አዲስ ሥዕል ነበራት፤ በረንዳ ላይ ዝናብ የያዛቸው ሁለት ልጆች።

ደብተሯን ከደነችው።