ያለ ብርሃን የጠበበ ብሌን

ሰው የነገረኝን አይደለም የምጽፈው። በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሰኔ 1957 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዝናቡ የክሊኒካችንን ቆርቆሮ ይደበድባል።

ድሬሰር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ታፋ ጎረቤቱን መርጋን በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። የመርጋ ጭንቅላት ከኋላ ተፈንክቷል። ሲጠሩት አይመልስም።

«ከበቅሎ ወድቆ ነው። እንደዚያ ይጻፍልኝ» አለኝ ታፋ።

ካርድ ላይ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። ያን ቀን ጻፍኩ። ወንድሜ ነዋ።

ሐኪሙ ቁስሉን ሰፍቶ አዘዘኝ። «በየግማሽ ሰዓቱ የልብ ምቱን ቁጠር፤ ዓይኑን በባትሪ እይ። ብሌኑ በብርሃን ካልጠበበ አንጎሉ ተጨንቋል ማለት ነው። ቶሎ ጥራኝ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል። ምት ሰባ ስድስት። ሁለቱም ብሌኖች ጠበቡ።

ታፋ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይናገራል?» አለኝ በሹክሹክታ።

ይተርፋል ወይ አላለም...

ዘጠኝ ሰዓት። የመርጋን የዓይን ቆብ ገለጥ አደረግሁ። ታፋ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

ብሌኖቹ ጠበቡ።

ባትሪውን ገና አላበራሁትም ነበር...

የመስኮቱ ብርሃን ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

የመርጋ ሚስት በቀለች በዝናብ ርሳ ገባች። ታፋ ሲያያት ወደ ውጭ ወጣ።

«ከበቅሎ ወደቀ አሉኝ። ከየትኛው በቅሎ ነው የወደቀው?» አለችኝ።

«ከራሱ።»

«በቅሏችን ከትናንት ጀምሮ ደጅ ታስራለች። በእግሩ ነው የወጣው። ታፋ ጠርቶት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰኞ ፍርድ ቤት በታፋ ላይ ሊመሰክር ነበር፤ በመሬቱ ጉዳይ። አልነገረህም?»

አልነገረኝም።

ካርዱን አየሁት። «ከበቅሎ ወድቆ» ይላል። በራሴ እጅ ጽሑፍ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ምት አርባ ስምንት። የግራው ብሌን ሰፍቷል። በባትሪም አልጠበበም።

ሐኪሙን ጠራሁት። እየሮጠ መጣ።

አልደረሰለትም።

አሥር ሰዓት ከአምስት። ምት የለም። ትንፋሽ የለም። ሐኪሙ ራሱ አረጋግጦ በቀለችን ደግፎ ይዟት ወጣ።

ባትሪ አበራሁ። ሁለቱም ብሌኖች እንደሰፉ ናቸው። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ደገምኩት። ያው ነው።

ባትሪውን አጠፋሁ።

በሩ ተከፈተ።

«ኦቦሌሳ...» አለ ታፋ። ወንድሜ ማለቱ ነው። «ሳይናገር ሞተ?»

የመርጋን ዓይን እያየሁ ነበር።

ብሌኖቹ ቀስ በቀስ ጠበቡ... ጤፍ አከሉ።

ካርዱን አነሳሁ። «ከበቅሎ ወድቆ» የሚለውን ሰረዝኩ። ከሥሩ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ።

«አሥር ሰዓት ከሃያ። ምት የለም። ትንፋሽ የለም። ብሌን ለብርሃን አይጠብም።

ለታፋ ድምፅ ይጠባል።»