የማታስፈልገው ቁልፍ

በር ሲንኳኳ ለማይሰሙ ሰዎች የሚሆን መብራት ነበር የምትሠራው። እንግዳ ደጅ ላይ ያለውን መጥሪያ ሲጫን ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ መብራቱ ቦግ ይላል፤ በቃ፣ ሰው መጣ ማለት ነው። መጀመሪያ ስትሠራው ግን ቀለም መቀየሪያው፣ ድምቀት መጨመሪያው፣ ሰዓት መሙያው፣ ምኑ ቅጡ! ቁልፍ በቁልፍ አድርጋው ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ እማማ ሊሞክሩላት ወደ ሥራ ክፍሏ ይመጣሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አይሰሙም። አብሯቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ይመጣል። እሳቸው በእጃቸው ያወራሉ፣ እሱ በአፉ ይናገርላቸዋል። ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርም፤ የሙያው ሕግ ነው።

«ይሄ የበር መብራት ነው ወይስ አውሮፕላን?» አለ የመጀመሪያው ቀን፣ የእማማን እጅ እየተከተለ። «ልጄ፣ በሬን ልክፈት እንጂ ልብረር አልኩሽ?»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን የራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ አልደርስ አላት።

በእማማ ቃል «የኔ ቆንጆ» ሲላት ይውላል፤ በራሱ ሲሆን ግን «እንደምን ዋሉ» እና «ደህና ይዋሉ» ብቻ። በሁለቱ መካከል ዓይኖቹ ይቆዩባታል።

እማማ ግራ በተጋቡ ቁጥር እሷ አንድ ነገር ታወጣለች። ዕቃው እየቀለለ፣ የሚብራራውም እያነሰ ሄደ።

«እሰየው!» አላት አለቃዋ። «ደህና ዕቃ አስረጂ አይፈልግም። ከእንግዲህ እማማ ብቻቸውን ይሞክሩት፤ ያለ አስተርጓሚ። ያለ አንድ ቃል ከገባቸው ጨርሰናል።»

ጎሽ መባሏ ነበር። እሷ ግን ያወጣቻቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆጠረች። ለካ ቁልፍ ባወጣች ቁጥር እሱ የሚመጣበትን ምክንያት ነው ስትነቅል የከረመችው።

ስለዚህ አንዲት ቁልፍ መልሳ አስገባች። ከመብራቱ ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታህል። ሲጫኗት ብርሃኑ ጥቂት ቢጫ ይላል፤ ሌላ ሥራ የላትም።

«ይቺ ማብራሪያ ትፈልጋለች፤ አስተርጓሚው አንዴ ይምጣ» አለችው አለቃዋን፣ ፊቱን ሳታይ።

ማክሰኞ እማማ ቁልፏን ተጫኑ። ደገሙ። መብራቱን አዩ፣ ከዚያ እሷን።

«ይቺ ደግሞ ለምንድን ናት?» አለ አስተርጓሚው።

«ብርሃኑን... ለማለዘብ።»

እማማ አልተዋጠላቸውም።

«ማን አለዝቢልኝ አለሽ? ዕድሜ ልኬን ስሰፋ ቀዳዳ በሌለበት ቁልፍ ተክዬ አላውቅም። ያለ ነገር አላስቀመጥሻትም።»

ፊቷ እሳት እየሆነ፣ ሳታስበው አስተርጓሚውን አየችው። እሱም እያያት ነበር። እማማ ደግሞ ሁለቱንም። ጣቶቻቸውን ፈጠን ፈጠን አድርገው አንድ ነገር ተናገሩና ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።

አስተርጓሚው ይቺን አልተረጎማትም።

«ምን አሉ?»

የሰዓቱን ማሰሪያ ማስተካከል ያዘ።

«ኧረ ምን አሉ? ያሉትን ሁሉ መናገር አይደል ሥራዎ?»

እማማ ንገራት እንደማለት ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«"ቁልፏን አውጪያት፤ እሱ ያለሷም ይመጣል" አሉ።»

«እውነታቸውን ነው?»

«አስተርጓሚ እውነት ነው ሐሰት ነው አይልም» አለ። ከዚያ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «እውነታቸውን ነው» አለ።

ካቻቪቴዋን አንስታ እዚያው ፊታቸው ቁልፏን ፈታቻት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እማማ ብቻቸውን መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አለቃዋ ለሙከራው መጥሪያውን ከደጅ ሊጫን ገና ሲነሳ መብራቱ ቦግ አለ። እማማ ማንንም ሳይጠይቁ ተነሡና በሩን ከፈቱ።

አስተርጓሚው ቆሟል፤ ሸሚዙን ተኩሷል። እማማ ጉንጩን ቆንጠጥ አድርገው አለቃዋን በክንዱ እየጎተቱ ወጡ።

«ዛሬ እኮ ሥራ የለህም» አለችው።

«የለኝም።»

እጆቹን የሚያደርግበት አጣ፤ ኪሱ ከተታቸው፣ መልሶ አወጣቸው። ያን ሁሉ ጊዜ የሰው ቃል እንደ ውኃ ሲያወርድ የከረመ ሰው፣ የራሱን አንዲት ቃል ፍለጋ ላብ አጠመቀው። እሷም አላገዘችውም፤ ደስ ብሏት ጠበቀችው።

«ምሳ... በልተሻል?» አለ በመጨረሻ።

በልታ ነበር።

«አልበላሁም» አለችውና ካፖርቷን አነሳች።