አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቀራል

«ስንት ይላል?» አለች ገለኔ፣ አንገቷን በሳያት ትከሻ ላይ አስግጋ።

«አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።»

«ቅድም ሦስት ሰዓት አላለም እንዴ?»

«ብሏል። አሁን ሐሳቡን ቀየረ።»

ሦስቱ ጓደኛሞች፣ ሳያት፣ ገለኔና ቶኩማ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን አረንጓዴ መስመር አፍጥጠው ያያሉ። መስመሯ ቆማለች ማለት ይቀላል። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት የመቱ ከተማን ልጆች ሒሳብ ያስተማሩት መምህር ደቅሲሳ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሸኛሉ። ጡረታ ወጥተው ነገ ጠዋት ወደ ዳሪሙ፣ ወደ አባታቸው መሬት ሊመለሱ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ስጦታ ይህ ቪዲዮ ነው፤ የድሮ ተማሪዎቻቸው ከጎሬና ከቡሬ ሆነው ሰላም የሚሏቸው፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሙሉ። ተቆርጦ፣ ተገጣጥሞ፣ ሙዚቃ ገብቶለት አልቋል። የቀረው ኮምፒውተሩ አንድ ፋይል አድርጎ እንዲያወጣው ብቻ ነው። ልጆቹ ሬንደር ይሉታል።

«የትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር እንኳ እንዲህ ያለውን በአንድ ሰዓት ያወጣ ነበር» አለች ሳያት። «ይሄ እኮ አዲስ ነው! ሙድ እየያዘብን ነው?»

አዲስነቱስ አያጠራጥርም። የስምንተኛ ክፍል ውጤቷን የሰማው አጎቷ መሀመድ ሰዒድ ከጅማ ያመጣላት ነው፤ ገና ሳምንቱ። እናቷ እትዬ ሳሊሐ ደግሞ በመጣበት ቀን ከስክሪኑ ጎን የቆመውን የሳጥኑን ልክ ወስደው ዳንቴል ጀመሩለት፤ ትናንት ማታ ጨርሰው አለበሱት። ነጭ ነው፣ ጠርዙ ሰማያዊ፣ አቧራ እንዳያሳልፍ ከውስጥ ወፍራም ገበር የገባለት፣ ከአናቱ እስከ እግሩ የሚወርድ። በዚያ ቤት ቴሌቪዥኑም ለባሽ ነው፣ ሬዲዮውም ለባሽ ነው። አዲሱ እንግዳ ራቁቱን አይቀመጥም።

ቶኩማ መናኸሪያው አጠገብ ባለው የወንድሙ ሞባይል መጠገኛ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፤ በጎሬም በቡሬም ካሜራውን የያዘው እሱ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላም ኮምፒውተሩን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ አጎቷ አብሮ ያመጣውን ተጨማሪ ራም፣ ሥራ የሚያቀላጥፈውን ዕቃ፣ ገጥሞላታል። አሁን ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋና ዳንቴሉን ከላዩ ገፈፈው፤ አጣጥፎም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እናቴ የሠራችውን አትንካ፣ ትቀየማለች» አለችና ሳያት መልሳ አለበሰችው።

ቶኩማ ሊናገር አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት እትዬ ሳሊሐ ቆሎ ይዘው ገቡ። «ብሉ የኔ ልጆች። አንተ ቶኩማ በተለይ፣ ምነው ከሳህ?» ሲሉት መልሶ ዘጋው። ሰው በለፋበት ዳንቴል ላይ፣ ያውም ቆሎውን እየዘገኑ፣ ምን ይባላል?

እናትዮዋ ሲወጡ መስመሯ አሁንም እዚያው ናት። የሳያት ንዴት ግን ከመስመሯ ፈጥኖ ሄደ።

«ከትናንት ወዲያ አንድ አጭር ቪዲዮ ሞክሬበት ነበር። በረረ! ከዚያ አንተ ፈታኸው።» ዞር ብላ አየችው። «ቶኩማ፣ አዲሱን ራም አስቀርተህ ከሱቃችሁ አሮጌ ነው የገጠምክልኝ አይደል?»

ገለኔ ቆሎዋን ማኘክ አቆመች።

«ማል ጄታ?» አለ ቶኩማ። ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋበታል። «ምን እያልሽ ነው?»

«ጠየቅኩህ እኮ። በቃ መልስልኛ።»

ቶኩማ ተነሣ፤ በር ላይ ለእትዬ ሳሊሐ «ይስጥልኝ እትዬ፣ ቆሎው ይጣፍጣል» ብሎ ወጣ። ካቻቢቴው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

በቪዲዮው መጨረሻ ላይ ስሞች ነበሩ። ሳያት «ቀረጻ፦ ቶኩማ ደበሳ» የሚለውን አጠፋችና ሬንደሩን እንደገና ከዜሮ አስጀመረችው። ገለኔ አየች፤ የዘገነችውን ቆሎ መልሳ አስቀመጠችው።

ብዙም አልቆየ፣ ድርግም! መብራት ሄደ። ከሰፈሩ ቤት ሁሉ «ኤጭ!» የሚል አንድ ድምፅ ወጣ። እትዬ ሳሊሐ ግን ሥራ አገኙ፤ «ከጠፋ አይቀር ላራግፍለት» ብለው ዳንቴሉን ገፈው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አሰጡት።

መብራት የመጣው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሳያት ተስፋ ሳታደርግ ሬንደሩን አስጀመረች።

«አርባ አምስት ደቂቃ!» ጮኸች ገለኔ። «አርባ አምስት ደቂቃ ይላል!»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል!» አለቻት ሳያት። ሁለቱም ሳቁ፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር። መስመሯ እየተንደረደረች ሄደች። ሩቡን ጨረሰች።

እትዬ ሳሊሐ ፀሐይ የጠጣውን ዳንቴል ይዘው ገቡና አለበሱት፤ ልጅ እንደሚያስተኙ መታ መታም አደረጉት። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ አንድ ሰዓት አለ። ከዚያ ሁለት ሰዓት። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ዳገት እንደያዘው ሚኒባስ ያጓራ ጀመር።

ዳገት! ሳያት ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ለቀረጻ ጎሬ የሄዱ ዕለት የጋሼ ዶሪ ሚኒባስ ዳገቱ ላይ መጎተት ጀምሮ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ መካኒክ ሆነ። «ነዳጁ ነው» አለ አንዱ። «አሮጌ ዕቃ ገጥመውበት ነው እንጂ» አለች ሌላዋ። ጋሼ ዶሪ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ነፋስ ያመጣው ጆንያ ራዲያተሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። «ምንም አልሆነም፣ ታፍኖ ነው። ይተንፍስ» አሉና ቁጭ ብለው ሸንኮራ መላጥ ጀመሩ።

ሳያት እጇን ከዳንቴሉ ሥር ሰደደች። «ኡፍ!» ገፈፈችው። ከኋላ ካሉት ቀዳዳዎች ትኩስ ነፋስ ፊቷ ላይ ወጣ። ማሽኑ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን እያዘገየ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሰዓቱ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አንድ ሰዓቱ ሠላሳ ደቂቃ።

«እማዬ፣ ነይማ። እጅሽን እዚህ ጋ አድርጊው።»

«ያ አላህ! ይሄ ልጅ ትኩሳት አለው!» ካሉ በኋላ የተገፈፈውን ዳንቴል አዩት። «እኔ ነኛ ያፈንኩት?»

«ዳንቴሉማ ያምራል። ከሥሩ እናነጥፍለታለን።»

እትዬ ሳሊሐ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እኔ ደግሞ ቅድም ያ ልጅ ሲገፈው በበሩ አይቼ፣ ምነው ሥራዬን ናቀብኝ ብዬ ነበር።»

ሳያት አልሳቀችም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ቪዲዮው አለቀ። በፍላሽ ገለበጡትና መጨረሻውን አዩት። «ቅንብር፦ ሳያት»፣ «ትረካ፦ ገለኔ»። ከዚያ የቶኩማ ስም የነበረበት ቦታ ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ።

«አልቋል፣ እንሂድ በቃ» አለች ገለኔ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ።

ሳያት ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ስሙን እንደገና ጻፈችው፤ ከራሷ ስም በላይ።

«እንደገና ሬንደር? መብራቱ ቢሄድስ?»

«ያንን ፍላሽ አንቺ ያዢ። ከሄደ አዳራሹ ውስጥ ማይኩን ይዤ እኔ ራሴ ስሙን እናገራለሁ።» ቁልፉን ተጫነችው። አርባ አራት ደቂቃ አለ። «አሁን ወደ ሱቃቸው እንሂድ።»

«ልደውልለትና ይምጣ?»

«አንቺ ፊት ነው ያልኩት። አንቺ እየሰማሽ እነግረዋለሁ።»

«ወንድሙም ደንበኛውም ይሰማል እኮ።»

«ይስማ።»

እትዬ ሳሊሐ ወንበር ስበው ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዳንቴሉን አራት እጥፍ አጥፈው፣ ሩቅ መንገድ መጥቶ ላብ ያጠመቀው እንግዳ ያገኙ ይመስል፣ ያራግቡለት ጀመር። «ሂዱ፣ እኔ አለሁለት» አሉ። «ለቶኩማ ቆሎ ያዙለት።»

ገለኔ ቆሎውን ያዘች። ሳያት ካቻቢቴውን ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው አሰበችና ተወችው። ከሩቅ እንዲያየው በእጇ እንደያዘችው ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ወረደች።