ቢጫ የቀረችው ብጣሽ

የላውንደሪው ባለቤት በገዛ ቤታቸው፣ በማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከገንዳው ሥር ተደፍተው ተገኙ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። አጠገባቸው ባዶ የበረኪና ጠርሙስ ወድቋል። በቀኝ እጃቸው አንዲት ቢጫ የጨርቅ ብጣሽ ጨብጠዋል፤ እሷን ግን ማንም ልብ አላላትም።

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨርሶታል። ክፍሉ የአጣቢዋ፣ በረኪናው የአጣቢዋ፤ እንግዲህ ጥፋቱስ የማን ሊሆን ነው? ካቴናውን አውጥቶ ሲጠጋት መርማሪዋ ገባች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ትዕግሥቷ ደግሞ ከቁመቷም ያጥራል።

«ካቴናህን ኪስህ ክተት። የሚሸሽ ሰው አይታየኝም» አለችው።

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው። አንዷ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው የሟቹ ሚስት። ሁለተኛው የሟቹ የወንድም ልጅ፣ ባንኮኒ ላይ ልብስ ተቀባይ፤ ከነጭ ሸሚዝ ሌላ ስለማይለብስ ቄንጠኛው ይሉታል። ሦስተኛዋ አጣቢዋ፤ እጇ ከሳሙና ስለማይወጣ ስሟም አረፋ ሆኖ ቀርቷል።

አረፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው! እኔ ነኝ!»

«ተይ እስቲ! መፍረዱን ለእኔ ተዪልኝና ያደረግሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

«አንሶላዎቹን በሳሙና አጠብኩ። ከዚያ ገንዳውን በንጹህ ውሃ ሞልቼ አቼቶ ጨመርኩና ዘፈዘፍኳቸው። ሳሙናው ቤዝ ነው፣ አቼቶው አሲድ፤ አንዱ ሌላውን ያበርደዋል ይሉ ነበር ጋሼ። አለበለዚያ አንሶላው ሰውነት ያሳክካል።»

«ታዲያ ምን አጠፋሽ?»

«በረኪናውንም በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ነው የምናስቀምጠው። እትዬ ለምሳ ሲጠሩኝ የመጨረሻውን ጠብታ ጨምሬ እየሮጥኩ ወጣሁ። በረኪናውን አንስቼ ቢሆንስ? በረኪና ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ጋሼ ደግሞ አስም አለባቸው።»

«አንስተሻል ወይስ አላነሳሽም?»

«እንጃ! እጄ የለመደውን ነው የሚሠራው። ብሞት አላስታውስም!»

ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገ። መርማሪዋ ዞር ብላ አላየችውም፤ ወደ እትዬ ሄደች።

«ምሳ ላይ ምን ተወራ እትዬ?»

«ምን ይወራል ልጄ... ከነገ ጀምሮ የሱቁ ቁልፍ አረፋ ጋ ይሆናል አሉ። ደክሞኛል፣ ቤቱን እሷ ታስተዳድረው አሉ።»

«ቄንጠኛው ምን አደረገ?»

«ሳህኑን ገፋ ሲያደርገው ሩዙ እጅጌው ላይ ተደፋና ተነስቶ ወደ ባንኮኒው ወረደ። ከዚያ እሳቸው ወረዱ። እኔና አረፋ ላይ ቤት ሆነን ሳህን ስናጥብ ሳላቸውን ሰማሁ። ሮጬ ብወርድ በሩ አልከፈት አለኝ፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ይይዛል። በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ...» እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

መርማሪዋ ከሟቹ እጅ የወሰደቻትን ቢጫ ብጣሽ አሳየቻቸው። እትዬ በእንባቸው መሃል ፈገግ አሉ።

«የእሳቸው ነገር! በእርድ የተነከረች ናት። ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ውሃ በእሷ ሳይፈትሹ አንሶላ አይወጣም። ሳሙና የቀረበት ውሃ ያቀላታል፤ የጠራ ውሃ እንዲሁ ቢጫ ይተዋታል።»

«በረኪናስ?»

«እሱማ መጀመሪያ ያቀላታል፣ ከዚያ ቀለሟን በልቶ ያነጣታል።»

«የምሳው ሩዝስ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቢጫ ሩዝ ነዋ፣ እርድ የገባበት። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ቄንጠኛው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ጠበቃት። ከጀርባው ግድግዳው ላይ የቆሸሸ ልብስ ወደ ማጠቢያው ክፍል የሚወረወርባት መስኮት አለች። መርማሪዋ አንገቷን አስግጋ ቁልቁል አየች። ገንዳው ልክ ከሥሯ ነው።

«ዛሬ ማጠቢያው ክፍል ገብተሃል?»

«እግሬን አላነሳሁም። በረኪና በሩቁ ነው የምሸሸው፤ ልብስ ያበላሻል።»

«እጅጌህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ደም ነው። ነስሮኝ ነበር።»

ነጠብጣቡ ዳር ዳሩ ቀልቷል፤ መሃሉ ግን ነጭ ነው። መርማሪዋ «አይዞህ» ብላው ሁሉንም ወደ ባንኮኒው ጠራች። እትዬን ደግሞ ሎሚ ለመነቻቸው።

«አረፋ፣ ስሚኝ» ብላ ጀመረች። «ጋሼ ሲገቡ ገንዳው ውስጥ በረኪና ቢኖር ኖሮ ይህቺ ብጣሽ ቀልታ ወይም ነጥታ ነበር የምትገኘው። እሷ ግን እርጥብ ናት፣ ቢጫም ናት። ውሃው ውስጥ ነክረው ሲያዩአት አቼቶ ብቻ ነበረበት ማለት ነው። እጅሽ አልተሳሳተም። በረኪናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ማን ይዞት ገባ?» አለ ፖሊሱ።

«ጋሼ ከገቡ በኋላ ማንም አልገባም፤ ጠርሙሱ እሳቸው ሳይወርዱ ተወስዷል። ከላይ ፈሰሰ፣ በዚህች መስኮት። ጠርሙሱም ተከትሎ ተወረወረ። ያን ጊዜ አረፋና እትዬ ሳህን ላይ ናቸው። ባንኮኒው ጋ የነበረው ማን ነው?»

«እጅጌዬ ላይ ያለው እንደሆነ ደም ነው» አለ ቄንጠኛው፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

«እጅህን ወዲህ በል።»

ሎሚውን እጅጌው ላይ ጨመቀችው። ቀዩ ዳር ዓይናቸው እያየ ቢጫ ሆነ።

«ደም በሎሚ ቢጫ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ይህ የምሳህ እርድ ነው። በረኪናው ቤዝ ስለሆነ ዳሩን አቀላው፤ የሎሚው አሲድ አሁን መለሰው። መሃሉን ግን ሎሚም አይመልሰው፤ በረኪናው በልቶታል። ለመሆኑ በሩቁ የሚሸሽ ሰው እጅጌ ላይ ማን ረጨው?»

ቄንጠኛው እጅጌውን ከእጇ መነጨቀ።

«እንዲሞቱ አልፈለግሁም! ትንሽ ሊያስሉ፣ ጥፋቱ የእሷ እንዲመስልና እንዲያባርሯት ነበር! ቁልፉ ለእኔ ነበር የሚገባው፣ እኔ ነኝ ሥጋቸው!»

እትዬ አጠገቡ ደርሰው ቆሙ።

«እኔ ላይ ቤት ሆኜ ሳላቸውን ሰማሁ። አንተ እዚሁ ነበርክ፣ አይደል? በሩም እንደሚይዝ ታውቃለህ።»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፖሊሱ ካቴናውን እንደገና ከኪሱ አወጣ።

ይዞት ሲወጣ አረፋ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት እጆቿን ዘርግታ ታያቸዋለች።

«እውነት እኔ አይደለሁም?» አለች ለመርማሪዋ።

«ጋሼ ራሳቸው ፈትሸውልሽ ነው የሞቱት። ከእሳቸው በላይ ምስክር ከየት ላምጣልሽ?»

አረፋ ያን ጊዜ ገና ለእሳቸው አለቀሰች፤ እስካሁን ያለቀሰችው ለራሷ ጥፋት ነበር። እትዬ ከወገባቸው የሱቁን ቁልፍ ፈትተው በተዘረጋው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«ነገ ሰው ይመጣል፣ ቤቱ ይሞላል» አሉ። «በሩን አንቺ ክፈቺው።»