የተደፋው መድኃኒት

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ ሁለቱን ክኒኖች ውሃ ውስጥ ጣለች፤ እስኪሟሙ በፕላስቲክ ማንኪያ አማሰለችና ብርጭቆውን ለታላቅ ወንድሟ ሰጠችው። እናታቸው ተረኛ ስለሆነች ቀድማ ወጥታለች። ወንድሟ መጠጣቱን አይታ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ምልክት ማድረግ የልጅቷ ሥራ ነው።

«ኖራ እኮ ነው የምታጠጪኝ!» አለ አሽትቶ።

«ጠጣና ዝም በል።»

«ሆዴን ይገለብጠዋል። ዛሬ ፈተና ላይ ባስመልስ እስክመረቅ ድረስ ‹ቧንቧው› ነው የሚሉኝ። በናትሽ ድፊው! ፈተናው እስኪያልቅ ብቻ።»

ሰውነቱ በቂ ደም ስለማያመርት ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየሦስት ሳምንቱ ደም ይሰጠዋል። በማግስቱ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወጣል፤ ጎረቤቶችም «ተመስገን፣ ፊትህ ወዛ!» ይሉታል። ከደሙ ጋር የሚገባው ብረት ግን ለዓይን አይታይም። መውጫ ስለሌለው ጉበቱና ልቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ክኒኑ ያንን ጠርጎ የሚያወጣ ነው።

ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ግን ወንድሟ ነው። መድኃኒቱን ደፍታ ምልክቱን አደረገች። ፈተናው አለቀ፤ መድፋቱ አላለቀም።

ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሟ የምርመራውን ውጤትና እናታቸው ያመጣችውን ወረቀት ጎን ለጎን አየች።

«ብረቱ በጣም ጨምሯል። አንድም ቀን ሳይዘል እየወሰደ እንዲህ ከሆነ፣ መጠኑን ከፍ ማድረግ አለብኝ። ኩላሊቱን እንዳይጎዳው እሰጋለሁ፤ ልቡ ከተነካ ግን የባሰ ነው።»

«እህቱ ፊት ነው የሚጠጣው» አለች እናታቸው። «እሷን እንደ ራሴ ነው የማምናት።»

ልጁ በጠረጴዛው ሥር የእህቱን እግር ረገጠ። ሐኪሟ የማዘዣ ወረቀቱን ሳበች።

«አልወሰደም» አለች ልጅቷ።

«ምን አልሽ?» እናቷ ዞረች።

«ከፈተናው ጀምሮ እየደፋን ነው። ምልክቱን ዝም ብዬ ነው የማደርገው።»

«አንቺን ብሎ እህት!» አለ ወንድሟ ሳያያት።

ሐኪሟ ማዘዣውን ወደ ጎን አድርጋ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «የሚያስመልስህ ከሆነ ለምን አልነገርከኝም? ለዚያ መላ አይጠፋም።»

በማግስቱ እናታቸው አስፈቅዳ ከሥራ ቀረች። ልጁ መድኃኒቱን ጠጣ፤ በብርጭቆው ሥር የቀረውንም በጥቂት ውሃ በጥብጦ ጨለጠው። ከዚያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ልጅቷ ጫማዋን አስራ ደጅ ስትደርስ መንገዱ ላይ አልነበረም። በየቀኑ አብረው ነበር የሚሄዱት፤ ዛሬ እስከ ትምህርት ቤት አብሯት የሚሄድ ሰው የለም።