የዶንዱ ቢጫ አበቦች

ጓሮው ተቆፍሯል። አንድም የቺዴም አበባ አልቀረም።

ዶንዱ ባዶው መደብ አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እነዚያን ትንንሽ ቢጫ አበቦች ከተራራው አምጥቶ የተከለላት ሟቹ ልጇ ነው። በረዶው ቀልጦ ብቅ ባሉ ቁጥር እሱ የመጣላት ይመስላት ነበር።

«ሌባው ርፍቂ ነው!» አለቻት የገጠር ፖሊሷን፣ ጃንደርማዋን ሳጅን ኑራይን። «የአበባ ሥር ነጋዴው! ትናንት መኪናውን እዚህ አቁሞ ነበር።»

ኑራይ ርፍቂን አስጠርታ መኪናውን ስትፈትሽ ጭቃ የነካው አካፋ ተገኘ። ርፍቂን ላብ አጠመቀው።

«ጎማዬ ጭቃ ውስጥ ገብቶብኝ ነው እትዬ! ልጆቼን ይንሳኝ!»

«ዝም በል! ዛሬ እስር ቤት ታድራለህ!» አለችው ዶንዱ።

ኑራይ ካቴናዋን አወጣች። ከዚያ ጉድጓዶቹን አየች። ጠባብ ናቸው፤ የሹል እንጨት እንጂ የአካፋ ሥራ አይደሉም። ከጎረቤት ግንብ ሥር ደግሞ መረብ የመሰለ ቡናማ ልጣጭ ተበትኗል።

ኑራይ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ የቺዴምን ሥር ልጣ ከቅንጬ ጋር እየበላች ነው ያደገችው። ነጋዴ ከነልጣጩ ይሸጠዋል። የሚልጠው የሚበላው ነው።

ካቴናውን መልሳ ከተተችና የጎረቤቱን የቀምበርን በር አንኳኳች። ዶንዱና ርፍቂ ተከተሏት። ውስጥ የቀምበር ሚስት ሳቲ ታማ ተኝታለች። ከራስጌዋ ብርጭቆ ሙሉ ቢጫ አበባ ተቀምጧል።

«ጋሽ ቀምበር፣ ዛሬ ምን ቀቀሉ?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «ሳቲ እህል አልቀምስ ካለች ሰነበተች። ትናንት የቺዴም ቅንጬ አማረኝ አለች። ጉልበቴ ደግሞ ተራራ አይወጣም።»

«አትጠይቀኝም ነበር?» ጮኸች ዶንዱ።

«በምን አፌ? በግንቡ ከተጣላን ወዲህ መች ሰላም ተባብለን እናውቃለን?»

«የልጄን አበባ በላችሁት!»

ቀምበር እርጥብ አፈር የሞላ ጣሳ አመጣ። ውስጡ ትንንሽ ሥሮች ነበሩ። «እነዚህን አልነካሁም። መልሼ ልተክላቸው ስል ጃንደርማ መጣ፤ ፈራሁ። ይበቅላሉ፣ ዶንዱ።»

ዶንዱ አንዱን ሥር በጣቷ ዳሰሰችው። ጠንካራ ነው፤ በሕይወት አለ።

«ሳቲ በላች?»

«ሳህኑን ጠረገችው።»

ዶንዱ እንባዋን ጠርጋ የቅንጬውን ድስት ከፍታ አየች። እንደገና ተቆጣች።

«ያለ ቅቤ? አንተ ሰው፣ ለታመመ ሰው ያለ ቅቤ ታበላለህ? ርፍቂ! ምን ትገተራለህ፣ አካፋህን አምጣና እነዚህን ትከልልኝ! እኔ ቅቤ ይዤ መጣሁ።»