የዐሥር ሳምንት ነፍስ

ሟቿ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ጭንቅላቷ ከደረጃው ግርጌ፣ ባዶ እግሮቿ ከፍ ብለው እርከኖቹ ላይ ነበሩ። ክንዷ ላይ ከመርፌ በኋላ የምትለጠፍ ትንሽ ጥጥ አለች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አልነበረም፤ ጨዋታ ጀምራ ያቋረጡባት ሰው ትመስል ነበር። ይህ ነበር ያዩዋትን ሁሉ እንቅልፍ የነሳቸው።

መርማሪዋ ቁጢጥ ልትል ሞከረችና ተወችው። አራተኛ ወሯን ይዛለች፤ አለቃዋ ቢሰማ ከነገ ጀምሮ የቢሮ ሥራ ላይ ያስቀምጣታል ብላ ሆዷን በሰፊ ኮት ሸፍናለች። ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ ዐይኗም ምላሷም ስለሚወጋ።

«የገደላት ልብስ ሰፊው ነው» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «ምድር ቤቱን ተከራይቶ የሚሠራው። ባልየው ሲገባ አቅፏት አገኘው፤ ሸሚዙ ደም በደም ነው። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«ያቀፈ ሁሉ ከገደለማ አንተን እናትህ በጨቅላነትህ ጨርሳህ ነበር» አለችውና የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

ፎቁ ላይ ሁለት በሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ አንዱ የባልና የሚስት፣ አንዱ የባልየው ታላቅ እህት። ከባልና ሚስቱ በር ሥር የሟቿ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የተቀዳ ውሃ፣ ምንም ያልተጻፈበት የኪኒን ከረጢት፣ አጠገቡ ያልተዋጠች አንዲት ፍሬ። ስልኳ ግድግዳው ሥር ቻርጅ ላይ ተሰክቷል።

ወስፌ ኪኒኗን እያየች ቆመች። ሴትዮዋ ቤቷ ገብታ ነበር። ጫማዋን አውልቃ፣ ውሃዋን ቀድታ ነበር። ታዲያ ሳትውጠው፣ በባዶ እግሯ፣ ማን ጠርቷት ወጣች?

ልብስ ሰፊው በካቴና የታሰሩ እጆቹን የስፌት መኪናው ላይ ጣል አድርጎ ጠበቃት።

«ቀሚሷን ወገቡ ላይ አስፍቼላታለሁ» አለ። «ሁለት ወር ቢሆናት ነው፤ ገና ምኑም አይታይም። ‹ኋላ ሥራ ይበዛብሃል፣ ከአሁኑ ጀምረው› ብላ አሾፈችብኝ።»

«ትወዳት ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «እሷ አታውቅም። ብታውቅብኝ ኖሮ ልብሷን ሌላ ሰፊ ጋ ትወስደው ነበር።»

«ዛሬስ ምን አለችህ?»

«ምንም። በእጇ ሰላም ብላኝ፣ እየሳቀች ወጣች። የስፌት መኪናዬን ሳቆም የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ዕቃ መስሎኝ...»

ባልየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ዐይኑ ግን ከመታጠቢያው በር አይነቀልም።

«ግማሽ ዓመት በረሃ ነበርኩ» አላት። «ከተመለስኩ ሁለት ወሬ ነው። የመጣሁ ሰሞን ነው የፀነሰችው፤ እሷም ሁለት ወሯ ነው።»

«ዛሬ ከሄደችበት ክሊኒክ ስትወጣ አላገኘችህም?»

«በምን? ስልኳን ትታው ሄዳ። እኔ ጋራዥ ነበርኩ፤ ስመጣ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠዋት ጠዋት እዚያ ውስጥ ያስመልሳት ነበር። አሁን ዝም ሲል፣ ዝምታው ራሱ ይሰማኛል።»

ታላቅ እህቱን ሠፈሩ ሁሉ «እቴቴ» ይላታል። እናታቸው ስትሞት ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች፣ ለሱ ስትል ሳታገባ የቀረች ሴት ናት። ወስፌን ደረጃው ራስ ላይ፣ እጇን አጣምራ ተቀበለቻት።

«ከጠዋት ወዲህ በዐይኔም አላየኋት። ጓሮ ልብስ ሳጥብ ነበር። አዙሯት ይሆናል፤ እርጉዝ ሴት ያዞራታል። አንቺም ከጠርዙ ራቂ፣ ልጄ።»

«እኔን ደግሞ ማን ነገረብኝ?»

«እጅሽ። ሳታውቂው ሆድሽ ላይ ይሄዳል።»

ወስፌ እጇን ኪሷ ከተተች። በሕይወቷ በዐይን ስትበለጥ የመጀመሪያዋ ነበር፤ አልጣማትም።

«ልብስ ሰፊውስ?» አለች።

«እሱንማ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሲመላለሱ አያቸው ነበር። ሴት ልጅ ቀሚስ ላሰፋ ብላ ስንቴ ትወርዳለች?» እቴቴ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ብቻ የማንም ይሁን የማን፣ የዐሥር ሳምንት ነፍስ ነው የጠፋው።»

ወስፌ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወረደች።

ክሊኒኩ ውስጥ አዋላጇ ነርስ ሆድ የሚለካበትን ሜትር አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማ አነጋገረቻት።

«የመጀመሪያ ክትትሏ ነበር። መቼም መጀመሪያ የምንጠይቀው ያው የመጨረሻው የወር አበባ መቼ እንደመጣ ነው። ከዚያ ክብደት፣ ደም ግፊት፣ ደምና ሽንት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት። የብረት ኪኒን ሰጠኋት። አልትራሳውንድ ላይ ልቡ ሲመታ ስታይ አለቀሰች። ‹ዐሥር ሳምንት ነው› ስላት፣ ‹እኔ እኮ ሁለት ወር ስል ነበር› ብላ ሳቀች።»

«ሳምንቱ እንዴት እንደሚቆጠር ነገርሻት፣ ሲስተር?»

«መንገሩንስ ነገርኳት። ግን የልጇን ልብ የምታይ ሴት ጆሮዋ የት ነው ያለው?»

«ከኔ በፊት ስለሷ መጥቶ የጠየቀ፣ የደወለ አለ?»

«ማንም።»

አለቃዋ ልብስ ሰፊው ከቀብሩ ማግስት ዐቃቤ ሕግ ፊት እንደሚቀርብ ነገራት። «ነገሩ ግልጽ ነው፣ አታወሳስቢው» አላት። ከቀረበ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ሰውየው ወኅኒ ይበሰብሳል፣ ሟቿም ከውሽማዋ ጋር ተጣልታ የሞተች ተብላ ትቀራለች። ስለዚህ በዚያው ማለዳ፣ ሰፊው ከመወሰዱ በፊት፣ ወስፌ ሁሉንም የሟቿ ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ባልየውን፣ እቴቴን፣ ካቴና ያለበትን ልብስ ሰፊ፣ ፖሊሱንና አዋላጇን። ውሃውና ኪኒኗ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ወንበሯ ላይ የሚቀመጥ አልተገኘም።

«ይህች ሴት ወደ ቤቷ ስትወጣ አይደለም የወደቀችው» ብላ ጀመረች። «ገብታ ነበር፤ ጫማዋ ይመሰክራል። ኪኒኗን ልትውጥ ስትል በር ላይ ድምፅ ሰማች። የምትፈራው ድምፅ ቢሆን ጫማ ታደርግ፣ በሩን ትዘጋ ነበር። እሷ ግን በባዶ እግሯ ሮጠች። ደስታ ነበራትና ለምታውቀው ሰው ልትነግር ነው የሮጠችው። ጀርባዋ ለደረጃው፣ ፊቷ ለዚያ ሰው ነበር። ስለዚህ ነው በጀርባዋ የወደቀችው።»

«ልብስ ሰፊውስ ወደ ላይ መውጣት አያውቅም?» አለች እቴቴ።

«ያውቃል። ‹ሳምንት› ግን አያውቅም።»

ፖሊሱ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«በዚህ ቤት እርግዝና የሚቆጠረው በወር ነው። ባሏ ‹ሁለት ወር› አለኝ፣ ሰፊው ‹ሁለት ወር› አለኝ። ራሷም ጠዋት ስትወጣ ቋንቋዋ ወር ነበር። ‹ዐሥር ሳምንት› የሚለውን ቃል የሰማችው እዚያው ክሊኒክ ነው። ስልክ አልያዘችም። ባሏን አላገኘችውም። ለሰፊው የሰጠችው ሳቋን ብቻ ነው። ከከረጢቱም የሚነበብ ነገር የለም። ታዲያ ያ ቃል ጓሮ ልብስ ስታጥብ ለዋለች ሴት ጆሮ በየት ገባ?»

«እኔ? መቼ ነው እንደሱ ያልኩት?» አለች እቴቴ።

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ እቴቴ። ‹የማንም ይሁን የማን› ብለው ነው የነገሩኝ። ወንድምዎ ከተመለሰ ስምንት ሳምንቱ ነው። ከዐሥር ላይ ስምንት ሲነሣ ሁለት ተረፈ። ለትርፉ ባለቤት ፈለጉለት፤ ታች ልብስ ሰፊ ተገኘ።»

እቴቴ ወንድሟን አየችው። ከዚያ የተጣመረው እጇ ተፈታ።

«እየሳቀች ነው የነገረችኝ!» አለች። «የወንድሜን ቤት አፍርሳ እየሳቀች! እኔ ያሳደግኩት ልጅ የሌላ ሰው ልጅ ሊያሳድግ? ደረቷን ነው የነካሁት። ዝም እንድትልልኝ ብቻ... ዝም እንድትልልኝ።» ወደ መታጠቢያው በር ዞረች። «ዝም አላለችም ግን። ይኸው በየጠዋቱ ታስመልሳለች። ሮጬ በሩን ስከፍተው መታጠቢያው ደረቅ ነው።»

ባልየው ቀስ ብሎ ዞረ። «አንቺም ትሰሚያታለሽ?» አለ።



አዋላጇ ጉሮሮዋን ጠረገች። ማንንም ሳታይ፣ መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

«እኛ ሳምንቱን የምንጀምረው ከፅንሱ አይደለም። ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ የፀነሰችበትን ቀን ማን በእርግጥ ያውቃል? ፅንሱ የሚያዘው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ዐሥር ስንል ልጁ ራሱ ስምንት ነው። የሷ ብቻ አይደለም፤ የሴት ሁሉ ቆጠራ እንዲሁ ነው።»

እቴቴ የሰማች አትመስልም ነበር። ፖሊሱ ሳይታዘዝ የሰፊውን ካቴና ፈታ፤ ሰፊው ግን እጆቹን ከነበሩበት አላነሣም።

«እና በነዚያ ሁለት ሳምንታት» አለች እቴቴ በመጨረሻ፣ «ከሷ ጋር ማን ነበር?»

«ማንም» አለች ወስፌ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሷ ወስፌነቱን ትቶ ነበር። «ልጁም ራሱ ገና አልነበረም። የወንድምዎ ነው፣ እቴቴ።»

ባልየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እቴቴ ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ ሸሸ። እጇ አየር ላይ ቀርቶ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወደ አዋላጇ ዞራ፣ ሰው አንድ ነገር እንዲያበድራት እንደምትለምን ሴት ቀስ ብላ፦

«እስቲ ደግመሽ ቁጠሪልኝ፣ ልጄ» አለቻት። «ከሌላ ቦታ ጀምሪና።»